ሁለተኛው ብርጭቆ ሰናመኪ

ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ይባላል። ሰናመኪ ጠጥቶ መኪና የተሳፈረ ሰው ግን ርቀቱን የሚቆጥረው በሽንት ቤት ነው። እኔ አንድ ጊዜ ቆጥሬዋለሁ፤ ሁለት ነው።

እንዲህ ሆነ። ሦስት ቀን ሙሉ ሆዴ ደርቆ ነበር። በማግስቱ ማለዳ አዲስ አበባ የሚያስኬድ ጉዳይ ስለነበረኝ ከመንገድ በፊት ቀለል ልበል ብዬ ገበያ ወጣሁ። ቅመም ተራ፣ ከጥቁር አዝሙዱ፣ ከአብሹና ከፌጦው መሐል ለተቀመጡ አንዲት እናት ችግሬን ሹክ አልኳቸው። አላፈሩም፤ አላሳፈሩኝምም። ከጀርባቸው ካለ ማዳበሪያ ሾል ሾል ያለ፣ ግራጫ የነካካው አረንጓዴ ደረቅ ቅጠል ዘገኑና በፌስታል ቋጥረው «አንድ ጭብጥ አፍላና ማታ ጠጣው ልጄ፤ ጠዋት ሆድህ ሙልጭ ይላል» አሉኝ።

ማታ 3 ሰዓት ላይ አፍልቼ ጠጣሁ። 5 ሰዓት ሆነ፤ ሆዴ ጭጭ። «ቅጠሉ የከረመ ነው መሰለኝ» አልኩና ሁለተኛ ብርጭቆ ደገምኩ። ሌሊቱን በሰላም አደርኩ። 12 ሰዓት ላይ መነኻሪያ ደርሼ ተሳፈርኩ። የመጀመሪያው ብርጭቆ አርሲ ነገሌ ላይ ደረሰ። ሾፌሩ ደግ ሰው ነበርና አቆመልኝ። «በቃ ተገላገልኩ» ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ብርጭቆ ባቱ ሳንገባ ከተፍ አለ።

ያን ቀን ቅጠሉን ስረግም ዋልኩ። ቆይቼ ሳነብ ግን ቅጠሉ ሥራውን በሰዓቱ እንደሠራና ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ገባኝ።

ሰናመኪ የሚለው ስም ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ «የመካ ሰና» እንደ ማለት ነው። ተክሉ ከሱዳንና ከግብፅ እስከ ሶማሊያና ዐረቢያ ባለው ደረቅ ቆላ ይበቅላል። በቅጠሉና በፍሬው ውስጥ ሴኖሳይድ የሚባል ንጥረ ነገር አለ። የሚገርመው፣ ሴኖሳይድ እንደተዋጠ ምንም አያደርግም። ጨጓራን ያልፋል፤ ትንሹን አንጀት ያልፋል፤ እንዳለ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ የሰፈሩት ባክቴሪያዎች አብሮት ከተጣበቀው ስኳር ያላቅቁትና ወደ ሌላ ነገር ይለውጡታል። አንጀትን የሚቆነጥጠው ይህ አዲሱ ነገር ነው። በአንድ በኩል የትልቁን አንጀት ጡንቻ እየተኮማተረ እንዲገፋ ያነሣሣዋል። በሌላ በኩል አንጀቱ ከሰገራው ውስጥ ውሃ መምጠጡን ይቀንስበታል። የደረቀው የሚለሰልሰው፣ የቆመው የሚንቀሳቀሰው በዚህ መንገድ ነው።

ከአፍ እስከ ትልቁ አንጀት ያለው ጉዞና የባክቴሪያዎቹ ሥራ ተደምሮ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይፈጃል። ማታ ተጠጥቶ ጠዋት የሚጠበቀው ለዚህ ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ምንም አልተሰማኝም ብሎ የሚደግም ሰው፣ ገና መንገድ ላይ ያለ እንግዳ ቀረ ብሎ ሌላ እንግዳ የጠራ ሰው ነው፤ ሁለቱም ይመጣሉ። የሆድ ቁርጠትም ካለ የሚመጣው ከአንጀቱ መኮማተር ነው። አንዳንድ ሰው ደግሞ በማግስቱ ሽንቱ ቀላ ብሎ ሲያይ ደም መስሎት ይደነግጣል። ሰናመኪ ይህን ያደርጋል፤ መጠጣቱ ሲቆም ይጠፋል። ካልጠፋ ግን ምክንያቱ ሌላ ነውና መታየት አለበት።

አሁን ወደዚያች «ጭብጥ» እንመለስ። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ለአዋቂና ከ12 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ የሚፈቅደው በቀን ከ15 እስከ 30 ሚሊ ግራም የሚሆን ሴኖሳይድ፣ ያውም ማታ አንዴ፣ ያውም ከአንድ ሳምንት ላልበለጠ ጊዜ ነው። ደረቅ ቅጠሉ ከክብደቱ ከመቶ 2 ወይም 3 እጅ ያህል ሴኖሳይድ ይይዛል ብንል፣ ጭብጡ 5 ግራም ብቻ ቢሆን እንኳ ውስጡ 100 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ አለ። ሲፈላ ሁሉም ወደ ውሃው አይወጣም። ግማሹ ብቻ ቢወጣ እንኳ ከላይኛው ወሰን አልፈናል። እኔ ደግሞ ሁለት ብርጭቆ ጠጥቻለሁ። የእኔ ጭብጥና የእርስዎ ጭብጥ እኩል አይደለም፤ ዘንድሮ የደረቀው ቅጠልና ማዳበሪያ ውስጥ ዓመት የከረመውም እኩል አይደለም። አምስት ደቂቃ የፈላውና ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያደረውም እንደዚያው።

ስለዚህ «ባህላዊ ነው» እና «ዘመናዊ ነው» የሚለው ክርክር እዚህ ብዙ አይረዳም። ይኸው ቅጠል የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው የአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ፣ ከሕመም ማስታገሻዎቹ ጎን አለ። እንደ ሞርፊን ያሉ ብርቱ ማስታገሻዎች ሆድ ስለሚያደርቁ፣ የሚወስዳቸው ሕመምተኛ ሰናመኪ አብሮ ይሰጠዋል። እዚያ የሚሰጠው ግን 7.5 ሚሊ ግራም ተብሎ የተለካ ክኒን ወይም ሽሮፕ ነው። ገበያ ያለውን ከዝርዝሩ የሚለየው ሚዛኑ ነው።

ሌላው የሚያስቸግረው «ሙልጭ ይላል» የሚለው ተስፋ ነው። አበሻ ሆዱን የሚያጥብ ሕዝብ ነው፤ ልማዱን ያወረሰን ደግሞ ኮሶ ይመስለኛል። ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሐዋሳ ለእሱ ትሞቃለች። ወንዴና ሴቴ ዛፍ አለው። የሴቴዋ ቀላ ያለ አበባ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣ ነበር። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ቤተሰብ በየሁለት ወሩ ገደማ ይጠጣው ነበር። «ዛሬ ኮሶ ጠጥተዋል» ከተባለ እንግዳ በር አያንኳኳም ነበር፤ ባለጉዳይም ነገ ይምጣ ይባል ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን ያየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ ዛፉ ጽፏል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ አበባው ባሕር ተሻግሮ የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች መደርደሪያ ላይ ወጣ።

ዛፉም ኮሶ፣ በጥሬ ሥጋ የሚመጣው የአንጀት ትልም ኮሶ መባላቸው ለማሳሳት የተመቸ ነው። ኮሶ መጠጣት ሁለት ሥራ ነበረው። አበባው ትሉን ያደነዝዘዋል፤ ተቅማጡ የደነዘዘውን ጠርጎ ያወጣል። ዋናው መድኃኒት የመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛው መጥረጊያ ነው። ዘመን ሲለወጥ ትሉን የሚገድል ክኒን መጣና ኮሶ ከብዙ ቤት ወጣ። በሰዎች ልብ የቀረው መጥረጊያው ነው። የሚጠረገው ምን እንደነበር ተረስቶ፣ መጠረጉ ራሱ ጤና ተደርጎ ተቆጠረ። ሰናመኪ የተቀመጠው ኮሶ በለቀቀው ወንበር ላይ ነው።

ሐዋሳ ላይ የኮሶ ትል ተራ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናት በከተማዋ ቄራ ከታረዱ 400 ከብቶች በ105ቱ ሥጋ ውስጥ የኮሶ ትል እጭ ማግኘቱን ጽፏል። በዚያው ጥናት ከተጠየቁት 120 ሰዎች 77ቱ ኮሶ ይዟቸው እንደሚያውቅ ተናግረዋል፤ አብዛኞቹም የታከሙት በፋርማሲ መድኃኒት ነው። ክትፎ በቆጮ ለሚወድ ከተማ ይህ የሚያስገርም ቁጥር አይመስለኝም። የሚያስፈልገው ግን ይህን ማወቅ ነው፦ ሰናመኪ ኮሶ አይገድልም። የትሉን ቁራጮች ጠርጎ ሊያወጣና «ወጣልኝ» ሊያሰኝ ይችላል። ጭንቅላቱ አንጀት ላይ ተጣብቆ ከቀረ ግን በሁለት ሦስት ወር መልሶ ያድጋል። የአያቶቻችን የየሁለት ወር ቀጠሮ ከዚህ ጋር መግጠሙ ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ነው። ነጭ ሪባን የመሰለ ቁራጭ በሰገራው ያየ ሰው የሚያስፈልገው እንደ ፕራዚኳንቴል ያለ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ነው።

ኮሶ ራሱም ቢሆን «ዕፅ ነው፣ አይጎዳም» የሚለውን አባባል የሚያፈርስ ምስክር ነው። ከመጠን በላይ የጠጡ ሰዎች የዓይናቸው ነርቭ ተጎድቶ ብርሃናቸውን እንዳጡ በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግቧል።

ከትል ቀጥሎ ሰናመኪ የሚሸጥበት ሁለተኛው ስም ቦርጭ ነው። ሠርግ ሲቃረብ፣ ከፋሲካ ማግስት፣ ወይም ፎቶ የሚያስነሣ ነገር ሲመጣ ሻዩ ይፈለጋል። ጠጥታ በነጋታው ሚዛን ላይ የወጣች ልጅ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ቀንሳ ብታይ ሚዛኑ አልዋሸም። የወጣው ውሃና ሰገራ ነው። የበላነው ምግብ ጉልበት የሚመጠጠው በትንሹ አንጀት ነው፤ ሰናመኪ ደግሞ ሥራ የሚጀምረው ትልቁ አንጀት ከደረሰ በኋላ ነው። ጮማው ደም ውስጥ ከገባ በኋላ በሩን መዝጋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ይህን ለካው፤ ብርቱ ተቅማጥ በሚያስከትል መጠን የሚያስቀምጥ መድኃኒት የወሰዱ ሰዎች እንኳ ሰውነታቸው ሳይመጠው የወጣው ከምግባቸው ጉልበት ከመቶ 12 ገደማ ብቻ ነበር። ተቅማጡ ሲቆም ደግሞ ሰውነት የተነጠቀውን ውሃ አጥብቆ ይይዛል፤ ፊትና እግር አበጥ ይላል። ልጅቷ «ወፈርኩ» ብላ ትደግማለች።

አንድ የማይነገር ወጥመድ አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ትልቁ አንጀት በጤናው ጊዜ በአንድ መቀመጥ ሁሉንም አያወጣም፤ የመጨረሻውን ክፍል ብቻ ነው የሚለቀው። በሰናመኪ ሲጠረግ ግን ከላይ ያለውም አብሮ ይወርዳል። ያ ባዶ አንጀት ተመልሶ እስኪሞላ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። በእነዚህ ቀናት ሽንት ቤት አለመሄድ የሚጠበቅ ነው፤ የሚወጣ ነገር የለማ! ሰውዬው ግን «ይኸው ደግሞ ደረቀ» ብሎ ጀበናውን ይጥዳል። እንዲህ እያለ ሳምንቱ ወር ይሆናል። ብዙ ሰው «አንጀቴ ሰነፈ፣ ያለ ቅጠሉ አይሠራም» የሚለው ከዚህ ተነሥቶ ነው። በተገቢው መጠንና ለአጭር ጊዜ የተወሰደ ሰናመኪ አንጀትን ያሰንፋል የሚለው አሮጌ ፍርሃት ጠንካራ ማስረጃ የለውም። ለረጅም ጊዜ የጠጣ ሰው የአንጀቱ ግድግዳ ሲጠቁር በምርመራ ይታያል፤ መጠጣቱ ሲቆም ግን ቀለሙ ቀስ በቀስ ይመለሳል። ተቅማጥ ሲበዛ በደም ውስጥ ያለው ፖታሺየም መውረዱ ግን ቀልድ አይደለም። ጡንቻ ይዝላል፣ ልብ ምቱን ይስታል። ለደም ግፊት ወይም ለልብ እንደ ላዚክስ ያለ ሽንት የሚያሸና ክኒን ለሚወስድ ሰው፣ በተለይም ዲጎክሲን የሚባለውን የልብ መድኃኒት ለሚወስድ፣ ይህ ቅጠል አደጋ ነው። ለኩላሊት ሕመምተኛም እንዲሁ።

በየቀኑ ካልወጣሁ ታምሜያለሁ ማለትም ልክ አይደለም። በቀን ሦስት ጊዜ የሚሄድም፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚሄድም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ድርቀት የሚባለው ከዚህ ሲያንስ፣ ወይም ሰገራው እንደ በግ በጠጥ ጠጥሮ ሲያስምጥ ነው። ያኔም መጀመሪያ የሚጠየቀው ምን እንደሚዋጥ ነው። ጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የብረት ክኒን ሆድ ያደርቃል። ትራማዶልም ያደርቃል። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒትም እንዲሁ። ነፍሰ ጡር እናት «ዕፅ ነው» ብላ በራሷ ሰናመኪ ከምታፈላ ክኒኑን ለሰጣት ነርስ ብትነግር ይሻላል፤ ኮሶማ ጭራሽ አይታሰብም።

ከቅጠሉ በፊት የሚሞከር ነገር ማድ ቤታችን ውስጥ አለ። ተልባ አንዱ ነው። ተቆልቶና ተወቅጦ በውሃ ሲበጠበጥ የሚያወጣው ልጋግ ሰገራውን ያለሰልሳል፤ ገለባው ደግሞ ያበዛዋል። አንጀትን ሳይቆነጥጥ ስለሚሠራ ሁለት ሦስት ቀን መታገሥ ይጠይቃል። ብዙ ውሃ ካልተከተለው ግን ራሱ ጓጉሎ ይዘጋል፤ በደረቁ መቃም የለበትም። ጎመን፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ፓፓያ ሐዋሳ ላይ ብርቅ አይደሉም። የጠዋት ቁርስና ቡና ትልቁን አንጀት ይቀሰቅሳሉ፤ ያን ጊዜ ሲጠራ አቤት ማለት እንጂ «ቢሮ ደርሼ» ብሎ ማቆየት ድርቀትን ማስለመድ ነው። የአቀማመጥም ነገር አለ። ቁጢጥ ሲሉ የአንጀቱ መውጫ ቀጥ ይላል፤ ወንበር ሽንት ቤት ላይ ሲቀመጡ ታጥፎ ይቀራል። ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ለተቸገርን፣ እግር ሥር አንድ ዱካ ማስቀመጥ ከብዙ ሻይ ይበልጣል። (ባለቤቴ የቡናውን በርጩማ ፈልጋ ያገኘችው እዚያ ነበር፤ ስለዚህ ሌላ ይግዙ።)

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ፣ ሰናመኪ ለጊዜያዊ ድርቀት ይሠራል። እኔም ዛሬ አልጠላውም። ከተቻለ መጠኑ የተጻፈበትን ክኒን ከፋርማሲ መውሰድ፣ ቅጠል ከሆነም ጭብጡን ትቶ በትንሽ ቁንጥር መጀመር፣ ማታ አንዴ ጠጥቶ መተኛት፣ እስኪነጋ አለመድገም፣ በነጋታው መንገድ አለመያዝ ነው። ብዙ ካስቀመጠ ኦ.አር.ኤስ በጥብጦ መጠጣት ነው። ሳምንት ሙሉ ከፈለጉት ችግሩ ሌላ ነው፤ በተለይ ዕድሜው ከ50 አልፎ ድርቀት አዲስ የጀመረው፣ ሰገራው ደም የቀላቀለ ወይም ሳያስበው የከሳ ሰው ቅጠል እየቀያየረ ጊዜ ማባከን የለበትም።

አንድ ነገር ብቻ ለነገ አይባልም። በአገራችን አንጀት ተጠምዝዞ የሚዘጋበት ሕመም የታወቀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ምክንያት ነው። ሲጀምር ድርቀት ይመስላል። በተዘጋ አንጀት ላይ የሚያስገፋ ቅጠል መጠጣት፣ ወይም የትርፍ አንጀት ሕመም ላይ መጠጣት፣ አንጀቱን እስከ መብሳት ያደርሳል። ስለዚህ ሆድዎ አብጦ ከተወጠረ፣ ካስመለሰዎት፣ ሰገራ ቀርቶ ፈስ እንኳ እምቢ ካለ፣ ሰናመኪውን አይጣዱ፤ ባጃጅ ይጥሩና ሆስፒታል ይሂዱ።